ችሎት የሚገባ ጋዜጠኛ ሲጠፋ ማን ያይልናል?

የሰንጋተራው አንባቢ | ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ።

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ጋዜጠኝነት ሞቷል የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። እኔ አይመስለኝም። ስልኬን ስከፍት ትንታኔው፣ ቃለ መጠይቁ፣ ክርክሩ እስኪያንገሸግሽ ድረስ አለ። ተናጋሪ አላጣንም። ያጣነው ሂያጁን ነው። ችሎት ገብቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው። የክፍለ ከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለፓርላማ የሚያቀርበውን ሪፖርት እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብ ሰው።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ነው ብዬ አምናለሁ። አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ። ያኔ ጋዜጣ የሚኖረው ከሽያጭ ነበር። በኋላ ማስታወቂያ መጣ። ክፍት የሥራ ቦታ፣ ጨረታ፣ የባንክ ሐራጅ። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተው ቅጥር የሚፈልጉ ወጣቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰው ጋዜጣውን የሚፈልገው ለቅጥሩ ነበር። በዚያ ገንዘብ ግን ዘጋቢ ችሎት ይላካል። አሁን ቅጥሩ ቴሌግራም ላይ በነጻ አለ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ መተመን ሲጀምር ደግሞ ወረቀትም ቀለምም ከውጭ የሚገቡ ናቸውና ሕትመቱ ጭራሽ አልቀመስ አለ።

ዴሞክራሲ የምንለው ነገር በእኔ እምነት እዚህ ላይ ይወድቃል ወይ ይነሳል። ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ ነው። በመሀል ባለሥልጣኑን የሚያየው ማነው? ለዚያ ሂያጅ ደመወዙን ማን ይክፈለው? የምታውቁትን አካፍሉኝ።

የድሮ ዘጋቢ | ቅዳሜ ማታ 3፡25

ልጄ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። እኔ ወጣትነቴን በጋዜጣ ዘጋቢነት ነው የጨረስኩት፤ ብዙውን ጊዜም ችሎት ላይ። ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና።

ጠዋት 2፡30 ግቢ ትደርሳለህ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀጠሮ ዝርዝር ታነባለህ። ስም ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር ነው የምትይዘው፣ ምክንያቱም ስም ይመሳሰላል። ከዚያ ትጠብቃለህ። ዳኛ ይጎድላል። ዐቃቤ ሕግ ምስክር አላቀረብኩም ይላል። ቀጠሮ ይሰጣል። ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። እንደዚህ ያለ ቀን በጣም ብዙ ነው። አለቃህ ግን ይህን ያውቃል፤ "ዜናህ የታለ?" ብሎ አይጮህብህም። ይህ ነው ትልቁ ነገር። ጋዜጣው ባዶ እጅህን ለምትመለስበት ቀንም ይከፍልሃል። መቅረጫ አይፈቀድም። በእጅህ ትጽፋለህ። ምስክሩ ያለውንና ጠበቃው ምስክሩ አለ ያለውን ለይተህ ትጽፋለህ። እረፍት ላይ የተከሳሽ እናት ኮሪደር ላይ ትይዝሃለች። "ልጄ ምን ተባለ?" ትልሃለች። አንተ ነህ የምታስረዳት።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሬጅስትራሯ ታውቅሃለች፣ ጠበቆቹ ያውቁሃል፣ ዳኛውም ጥግ ላይ ደብተር የያዘ ሰው እንዳለ ያውቃል። ዳኛው እንደሚታይ ሲያውቅ ቀጠሮ ሲሰጥ እንኳ ምክንያቱን ይናገራል። ያልተዘገበ ችሎት ላይ ምክንያት አይነገርም። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ያንን ዘመን ግን ወርቅ አድርጋችሁ አትሳሉት። በ80ዎቹ መጨረሻ ከወጡት ጋዜጦች ብዙዎቹ አሉባልታ ነበር የሚያትሙት። አንድ ምንጭ፣ ያውም ስሙ የማይጠቀስ። ከምርጫ 97 በኋላ አዘጋጆች በጅምላ ታሰሩ፤ ጋዜጦች ተዘጉ። አዲስ ነገር የሚባለው ጋዜጣ በኅዳር 2002 ሲዘጋ አዘጋጆቹ አገር ለቀው ወጡ። በ2004 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት "ሕግ የሚጥስ ጽሑፍ ነው ብዬ ካመንኩ አላትምም" የሚያስብል ውል ፈርሙ ብሎ ነበር። ማተሚያ ቤት ሳንሱር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ብቻ አይደለም ልጄ። ገንዘቡ እያለም የተሰበረ ነገር አለ።

ካሜራና ወሬ | ቅዳሜ ማታ 4፡10

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ነኝ። የዩቲዩብ ቻናል ላይ አዘጋጅ ሆኜ እሠራለሁ። እኛን መውቀስ ቀላል ስለሆነ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ዩቲዩብ የሚከፍለው በተመልካቹ አገር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያለ ተመልካች አገር ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ያስገኛል፤ አስተዋዋቂዎች እዚያ ስለሚከፍሉ። ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? የቻናሉ አለቃ ርእስ ሲመርጥ በሐሳቡ የሚቀመጠው ሜሪላንድ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው ነው። ያ ሰው ስለ ኮልፌ የውኃ መስመር ምን አገባው? ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ስለ ታዋቂ ሰው ጠብ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ኮልፌ አይዘገብም። የክፋት ጉዳይ አይደለም፣ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

አንድ ጊዜ የባልደረባዬን ሐሳብ ይዘን በመሬት ጉዳይ የተከሰሱ ሰዎችን ችሎት ለሳምንታት ተከታትለን ሠራን። በጣም ጥሩ ሥራ ነበር። ያየው ሰው ግን በዚያው ሳምንት "ሰበር!" ብለን ከለጠፍነው የአሥር ደቂቃ ወሬ ጋር አይወዳደርም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ባልደረባዬ ችሎት መሄድ እንድታቆም ተነገራት። አሁን ስቱዲዮ ተቀምጣ ከቴሌግራም ያገኘችውን ታነባለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ያንገበግበኛል።

ፌርፋክስ ሰፈር | እሑድ ሌሊት 7፡05

እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። "ሂያጅ ከሌለ ምን ይመጣል?" ለሚለው ከዚህ ከተማ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

ቤል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ። ሕዝቧ 40 ሺህ አይሞላም። ድሃ ናት፤ አብዛኛው ነዋሪ ከላቲን አሜሪካ የመጣ ሠራተኛ ነው። የከተማዋን ምክር ቤት አዘውትሮ የሚዘግብ ጋዜጣ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ሁለት ዘጋቢዎች ስለ ጎረቤቷ ከተማ ስለ ሜይውድ ሲያጣሩ በመንገዳቸው ቤል ላይ ደረሱ። ሰነድ ጠየቁ። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት 787 ሺህ ዶላር ገደማ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደመወዝ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የምክር ቤት አባላቱም ለትርፍ ሰዓት ሥራ በዓመት ወደ 100 ሺህ ዶላር ይወስዱ ነበር። የቤል ነዋሪ የንብረት ግብር መጣኝ ከሀብታሞቹ መንደር ከቤቨርሊ ሂልስ ይበልጥ ነበር።

ዘገባው ሲወጣ ሕዝቡ ምክር ቤቱን አጥለቀለቀው። ባለሥልጣናቱ ለቀቁ፣ ተከሰሱ። ሪዞ 12 ዓመት ተፈረደበት። ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ለዓመታት መቆየቱ ነው። ስብሰባው ክፍት ነበር። ማንም መግባት ይችል ነበር። ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ጋዜጦች ተዘግተዋል። ስንት ቤል እንዳለ ማን ያውቃል?

ወሎ ገራገሩ | እሑድ ጠዋት 1፡30

ሁላችሁንም አነበብኩ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። "ጠፋ" የምትሉት ነገር እኮ እኛ ጋ አልነበረም። የግል ጋዜጣ ማለት የአዲስ አበባ ጋዜጣ ማለት ነበር። ደሴ ሲደርስ ቀኑ አልፎበት ነው። የደሴን ከተማ ምክር ቤት፣ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ የቅጥር ጉዳይ፣ የሐይቅን ዓሣ አስጋሪዎች ቋሚ ዘጋቢ መድቦ የሚከታተል የግል ጋዜጣ መቼ ነበር? የክልሉ መገናኛ ብዙኃን አሉ፤ የሚዘግቡት ግን "የሥራ ኃላፊው እንደገለጹት" የሚለውን ነው። ኃላፊው የገለጸውን እኔም ከስብሰባው ሰምቼዋለሁ። ያልገለጸው ነው የሚያስፈልገኝ።

እኛን ደውሎ የሚጠይቀን የውጭ ሬዲዮ ነበር። ዶይቸ ቬለ አማርኛ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አለ። ቪኦኤ አማርኛ ከ40 ዓመት በላይ ሲሰማ የኖረ ነው። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ መንግሥት ቪኦኤን ሲያፈርስ የአማርኛው፣ የአፋን ኦሮሞውና የትግርኛው ዝግጅት አብሮ ዝም አለ። አዲስ አበባ ያለ ሰው "ሌላ አማራጭ አለ" ሊል ይችላል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ እኛ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቷል። ያን ጊዜ ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። አጭር ሞገድ ብቻ ነበር። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ አንቴናውን ሲያዞር ጎረቤት ይሰበሰባል። ያ ድምፅ የጠፋው ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ሰው ስለፈረመ ነው። የእኛ ወሬ በሌላ አገር በጀት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ያስፈራኛል።

የሰንጋተራው አንባቢ | እሑድ ጠዋት 2፡15

ወሎ ገራገሩ፣ ምን ያስቀይመናል። ይህ ነጥብ የእኔን ሐሳብ ሰፋ አድርጎልኛል። ጥያቄው የነበረውን መመለስ ሳይሆን ኖሮ የማያውቀውን መሥራት ነው ማለት ነው።

መዝገብ ቤት | እሑድ ጠዋት 4፡00

ጠበቃ ነኝ። ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ያለውን መብት ስለማያውቅ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የፕሬስ ነጻነትን ይደነግጋል። ችሎት ዝግ የሚሆነው በልዩ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘጋቢ ሲገባ ዳኛው ውለታ እየዋለለት አይደለም።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ብዙ ጥሩ ነገር አለው። ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። አንቀጽ 86 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን በኩል ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለምርመራ በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ክስ ይቀርብበታል ይላል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ጋዜጠኞች "ምርመራው አልተጠናቀቀም" እየተባለ በተደጋጋሚ ቀጠሮ ታስረው ሲቆዩ አይተናል። ዳኛ ፊት አንቀጽ 86ን ስትጠቅስ "ይህ የሚዲያ ጉዳይ አይደለም፣ የሽብር ጉዳይ ነው" ትባላለህ። በሚያዝያ 2017 አዋጁ ሲሻሻል ደግሞ ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ራሱ ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ተላልፏል። እኔ ይህን ወደ ኋላ መመለስ ነው የምለው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012ም አለ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ይህ ሐሰተኛ መረጃ የሚነዛውን ሊያስፈራ ይችላል። ጥንቁቁን ዘጋቢ ግን ይበልጥ ያስፈራል። ጥንቁቁ ሕግ ያነባላ።

ቁጥር ለምትወዱ፦ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የሚባለው ድርጅት በየዓመቱ 180 አገሮችን ደረጃ ያወጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 150ኛ ነበረች። በ2020 99ኛ ደረሰች። በ2024 141ኛ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2011 ላይ የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን አዲስ አበባ ሲከበር አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ይህን ቁልቁለት አያስበውም ነበር።

የስቶክሆልም ልጅ | እሑድ ከሰዓት 8፡20

ስካንዲኔቪያ ውስጥ አንድ የሠራ ነገር አለ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ መንግሥት ጋዜጦችን በቀጥታ ይደጉማል። ስዊድንም ተመሳሳይ ሥርዓት አላት። ድጎማው በሚኒስትር ፈቃድ አይሰጥም፤ በሕግ በተቀመጠ መለኪያ ነው። በየከተማው ሁለተኛ ሆኖ የሚወጣው፣ ማስታወቂያ የማይበቃው ጋዜጣ እንዳይሞት ተብሎ ነው የታሰበው። መንግሥትን የሚተች ጋዜጣም ያገኛል። ለምን እኛ ጋ አይሞከርም?

የድሮ ዘጋቢ | እሑድ ከሰዓት 9፡05

ልጄ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ ጋ ግን የመንግሥት ገንዘብ ድጎማ ሳይባልም ቀድሞ ገብቷል። ማስታወቂያ ነው። ትልቁ አስተዋዋቂ ማነው? የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥት ባንክ፣ የመንግሥት ድርጅት። የማይወደድ ዜና የወጣ ሳምንት ስልክ አይደወልም፣ ደብዳቤ አይጻፍም። ማስታወቂያው ብቻ ይቀራል። እኔ በሠራሁበት ጋዜጣ ይህ ሲሆን ዋና አዘጋጁ ዘጋቢውን ምንም አላለውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሁላችንም ስለዚያ ድርጅት ስንጽፍ እጃችን ይከብድ ነበር።

የኖርዌይን መለኪያ ለማምጣት መለኪያውን የሚጠብቅ ነጻ ሰው ይቀድማል።

ኤደን ዘ መገናኛ | እሑድ ማታ 1፡15

አጭር አስተያየት። ስለ ነገ ስናወራ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አንርሳው። አሁን በማንም ባለሥልጣን ድምፅ ማንኛውንም ነገር ማስባል ይቻላል፣ በአማርኛም ጭምር። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የሚሠሩት የማጣራት ሥራ ትልቅ ነው፤ ግን ማጣራት ሁልጊዜ ከውሸቱ በኋላ ነው የሚደርሰው። አንድ ሰው በቦታው ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስሜ ይኸው ብሎ ሲፈርም ነው ውሸቱ ቀድሞ የሚሸነፈው። ስለዚህ ሂያጁ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው የሚያስፈልገን።

ካሜራና ወሬ | እሑድ ማታ 2፡00

ኤደን፣ ልክ ብለሻል። እኛ ቢሮ ራሱ አሁን ጽሑፍ በማሽን ድምፅ እናስነብባለን። አንዷ አንባቢ ልጅ ወጣች። ርካሽ ነው። ግን ማሽኑ ልደታ ፍርድ ቤት ሄዶ አይቀመጥም።

ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም ልናገር። ኢትዮጵያ ኢንሳይደር የሚባለው የኢንተርኔት ሚዲያ ፓርላማና ችሎት ቁጭ ብሎ የሚዘግብ ነው። ያቋቋመው ተስፋለም ወልደየስ በ2006 ከዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ጋር የታሰረ ጋዜጠኛ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ዘገባ ላይ መቀመጡ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው።

ፌርፋክስ ሰፈር | እሑድ ማታ 4፡45

ገንዘቡን በተመለከተ ከእኛ ከውጭ ካለነው ልጀምር። እኛ ለሚዲያ መክፈል እናውቃለን። ኢሳት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለዓመታት የቆየው በዳያስፖራው መዋጮ ነው። አዳራሽ ተከራይተን፣ እራት አዘጋጅተን፣ ጨረታ አውጥተን ገንዘብ ሰብስበናል። ግን የከፈልነው ለወገን ነበር። ትግሉን ይደግፋል ብለን። የምንደግፈውን ሰው ሲያጋልጥ ያኔም የምንከፍለው ጋዜጣ ግን አልነበረንም። አሁን መፈተሽ ያለብን ይህን ይመስለኛል። የእኔ ብሔር ባለሥልጣን፣ የእኔ ቤተ ክርስቲያን ቦርድ፣ የእኔ ማኅበር ሊቀመንበር ሲመረመር ወርኃዊ መዋጮዬን እቀጥላለሁ ወይ?

እኔ እቀጥላለሁ። አንድ ዘጋቢ በአንድ ከተማ፣ በወር ትንሽ ትንሽ እያዋጣን፣ እንደ እድር። እድርተኛው የሟቹን ፖለቲካ አይጠይቅም፣ ይከፍላል።

ወሎ ገራገሩ | ሰኞ ጠዋት 1፡50

በዚህ ከሆነ እኔ አለሁ። ሁለት ጥያቄ ግን አለኝ። አንደኛ፣ የዘጋቢው ደኅንነት። እኛ ጋ ያለው ሁኔታ አዲስ አበባ ካለው የተለየ ነው፤ በመንግሥትም በታጣቂም በኩል የሚያስፈራ ነገር አለ። ስሙን አውጥቶ ይጽፋል ወይ? ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ዘገባው ለነዋሪው እንዴት ይደርሳል? ወረቀት ላይ አትሞ ሻይ ቤት መለጠፍ እስከ መቻል ድረስ ነው የማስበው። ውጭ ላለው አንባቢ ብቻ ከሆነ ካሜራና ወሬ ያለው ነገር ይደገማል።

መዝገብ ቤት | ሰኞ ጠዋት 3፡10

ወሎ ገራገሩ፣ ስለ ደኅንነት የምሰጥህ ማረጋገጫ የለኝም፤ ማንም ቢሰጥህ አትመነው። ስለዚህ ከግጭትና ከጸጥታ ዜና አትጀምሩ። ከሰነድ ጀምሩ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘትን መብት ይሰጣል፤ በ2013 የሚዲያው ክፍል ሲሻር ይኼኛው ክፍል ጸንቷል። ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችላል፣ የጋዜጠኛ መታወቂያ አያስፈልግም። ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጉ። ዝም ካሉ አቤቱታው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላልና ጠባብ ይሁን። "ያለፈው ዓመት የከተማው ካፒታል በጀትና አፈጻጸም፣ በፕሮጀክት ተዘርዝሮ" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አንድ ፕሮጀክት መርጦ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ነው። የደብዳቤውን ረቂቅ ዛሬ ማታ እዚሁ ክር ላይ አስቀምጣለሁ።